ካሜራ ከመግዛት በፊት እርሳስ፦ የሥዕልና የፎቶ ትምህርት ከሐዋሳ ሲታይ

አመሻሽ ላይ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ሂዱ። ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች ታገኛላችሁ። አንዱ ጥንዶቹን ውሃው ዳር ያቆማቸዋል። ከኋላቸው ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ልትወድቅ ነው፣ ውሃው ወርቅ መስሏል። ልጁ ያነሳል። ስክሪኑን ያያል፣ ፊቱን ቋጠር ያደርጋል፣ እንደገና ያነሳል። ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ ሰዎቹ ግን ጥቁር ጥላ ሆነዋል። «ችግር የለም፣ ኮምፒውተር ላይ አስተካክለዋለሁ» ይላል። በማግስቱ ፎቶው በቴሌግራም ሲላክላቸው ፊታቸው በርቷል፤ ግን አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ልጁን ለመንቀፍ አይደለም ይሄን የምጽፈው። እኔም እዚሁ ከተማ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነው ሙያውን የጀመርኩት፣ እንዲህ ያለ ፎቶም ብዙ አንስቻለሁ። ልጁ ካሜራ አለው፣ ትጋት አለው፣ ደንበኛም አለው። ያላገኘው ብርሃን የሚያስተምረው ሰው ነው። እና ሰሞኑን «ሥዕልና ፎቶግራፍ ኮሌጅ ገብቶ መማር ምን ያደርጋል? ስልክ እያለ፣ ዩቲዩብ እያለ፣ አሁን ደግሞ ኤአይ መጥቶ» የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር እኔ የሚታየኝ ያ አመዳም ፊት ነው።

እስቲ ከእሱ እንጀምር። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ ማታ ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ በኩል ነው። ሐይቁን ከኋላው አድርጎ የሚቆም ሰው ብርሃኑ ጀርባውን ይመታዋል፣ ፊቱ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ጠዋት ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ብትወርዱ ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ትመጣለች፤ ወደ ውሃው ለሚያይ ሰው ጀልባውንም መረቡንም አባ ኮዳዎቹንም ታበራለታለች። ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው። ሰዓቱን ብቻ መምረጥ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ሌላው ግማሽ ካሜራው ራሱ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። የተሠራው ያየውን ሁሉ አማክሎ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣው ነው፤ በሙያው 18 በመቶ ግራጫ ይሉታል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ስታቆሙለት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ ጠይም ፊቷም አብሮ ይጠፋል። ጥቁር ሱፍ የለበሰውን ሙሽራ ብቻውን ስታነሱት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፣ ሱፉ ይገረጣል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ለይተው ስለሚለኩ ችግሩ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ማወቅ ያለበት ሰውየው ነው፦ ነጭ ሲበዛ ብርሃን ጨምር፣ ጥቁር ሲበዛ ቀንስ። አንድ መስመር ትምህርት ናት። ይቺን አንድ መስመር ግን ፎቶ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ስሠራ ማንም አልነገረኝም።

ከዚህ የባሰም ነበር። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የማመሳከሪያ ካርድ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይባላል። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፣ የቀለሙ ልክ የሚስተካከለውም በእሷ ቆዳ ነው። ነጭና ጥቁር ተማሪዎች አብረው በተነሱት የክፍል ፎቶ የጥቁሮቹ ልጆች ፊት ጠፍቶ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀር ነበር። ኮዳክ ፊልሙን ለማሻሻል የተነሳሳው ደግሞ የቤት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች «የእንጨቱ ዓይነት አይለይም፣ የቸኮሌቱ ጥቁረት አይለይም» ብለው ቅሬታ ካቀረቡ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። ይሄን ታሪክ ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። የእኛን ቆዳ በትክክል ማንሳት ራሱን የቻለ እውቀት ነው፤ ከሳጥኑ ከካሜራው ጋር አብሮ አይወጣም። ዛሬም የስልኩ ፊልተር ፊት ያነጣል። ፎቶ ቤትም «ትንሽ ቀላ አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ በየቀኑ ይመጣል። ያልተማረ ፎቶ አንሺ እሺ ብሎ ያቀላዋል። የተማረ ደግሞ ጠይም ፊት በጥሩ ብርሃን እንዴት እንደሚያበራ አንስቶ ያሳየዋል፣ ብዙውን ጊዜ ደንበኛውም ጥያቄውን ይተወዋል።

ይሄ ዓይን ታዲያ የሚገኘው ከየት ነው? እኔ እንዳየሁት ከእርሳስ ነው።

ለእኔ የበራልኝ አንድ ሠዓሊ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ንድፍ መማር ስጀምር ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ ጀበና አስቀመጠ። ከጎኑ አንድ ሲኒ። በግራ በኩል መስኮት። «ሳለው» አለኝና ወጣ። በሃያ ደቂቃ ጨረስኩ። ተመልሶ አየና «ይሄ የምታውቀው ጀበና ነው፣ ፊትህ ያለውን አልሳልከውም» አለኝ። እውነቱን ነበር። የጀበናውን ሆድ ክብ አድርጌ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጌ፣ ጆሮውን ለጥፌ ነበር፣ ልክ ልጅ እያለን ደብተር ላይ እንደምንሠራው። የሲኒውን አፍ ሙሉ ክብ አድርጌዋለሁ፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ሲታይ ግን ጠፍጣፋ ሞላላ ነው። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። «ዓይንህን ጠበብ አድርገህ እይ» ይለኛል። ዓይን ሲጠብ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። ያኔ አየሁት። የጀበናው ጥቁር ሆድ ላይ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ነጭ ነጥብ አርፏል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ጥግ ሲደርስ ግን እንደገና ትንሽ ይለሰልሳል። ከታች፣ ከጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ላይ ተንጸባርቆ የሚመለስ ደብዛዛ ብርሃን አለ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጀበና አይቻለሁ፣ እሱን ብርሃን አንድ ቀን አላየሁትም ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ሰርግ ነበረኝ። ሙሽራዋ አጠገብ ነጭ ነጠላ ዘርግታ የያዘች ሚዜ ቆማለች። ከነጠላው የሚመለሰው ብርሃን የሙሽራዋን አገጭና ጉንጭ ከታች ያበራዋል። ያ የጀበናው ብርሃን ነው! ሚዜዋን አንድ እርምጃ አስጠጋኋት። ከዚያ ወዲህ ሪፍሌክተር የሚባለውን ዕቃ ሳልገዛ ብዙ ሰርግ ሠርቻለሁ፣ ነጠላ የሌለበት ሰርግ የለማ።

ለዚህ ነው ንድፍ፣ ቀለም ቅብና ፎቶግራፍ አብረው ይሰጡ የምለው። ንድፍ ቅርጽንና የብርሃን ደረጃን ያስተምራል። ከነጭ እስከ ጥቁር ዘጠኝ ሳጥን አስምረህ በእርሳስ ብቻ ትሞላለህ፣ አሰልቺ ነው፣ ግን ዓይን ይስላል። ቀለም ቅብ ደግሞ ጥላ ጥቁር እንዳልሆነ ያሳይሃል። የሐዋሳ ቀትር ላይ የነጭ ግድግዳ ጥላ ሰማያዊ ይመታል፣ እስክትቀባው ድረስ አታምንም። ፎቶ ይሄን ሁሉ በቅጽበት እንድትወስን ይጠይቅሃል። ፎቶውን ብቻ ነጥለን በሦስት ወር ስንሰጥ ቁልፍ መጫን እናስተምራለን፣ እሱንማ ልጆቹ ያውቁታል።

ወደ ኮሌጁ ጉዳይ እንምጣ። በአገራችን የዘመናዊ ሥዕል ትምህርት ሲነሳ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ አሜሪካ ቺካጎ ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. መሠረቱት። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይባላል። ከዚያ በፊት ሥዕል የሚማር ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ከመሪጌታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው፣ ወይ ውጭ አገር ተልኮ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቀላል አድርገን እንዳናየው። ብራና ፍቆ ከማዘጋጀት ጀምሮ፣ ጻድቁን በሁለት ዓይን ኃጥኡን በአንድ ዓይን እስከ መሳል ድረስ ደንብ ያለው፣ መምህሩ አጠገብህ ቆሞ የሚያርምህ ትምህርት ነው።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ችግር አይደለም። ችግሩ በሩ ላይ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት የተግባር ፈተና አለ፣ ቀርበህ ትስላለህ። ይሄ ትክክል ነው፣ እንዲያውም እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ግን ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ የመጣ ልጅ ሞዴል ተቀምጦለት ስሎ አያውቅም። ከሰል ይዞ ትልቅ ወረቀት ፊት ቆሞ አያውቅም። አጠገቡ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ግን በግል ስቱዲዮ ሲዘጋጅ ከርሞ ሊሆን ይችላል። እጅ ከእጅ የሚበልጠው በዝግጅት ነው፣ ዝግጅቱ ደግሞ እኛ ጋ የለም።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ በር አለ፣ እሱ ይብሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ፈተናው ጠበቅ ማለቱ ምክንያት ነበረው፣ ኩረጃው ምን ደርሶ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ በዚህ አልከራከርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ባዮሎጂና ሒሳብ ላይ 41 ያመጣ፣ እጁ ግን ያየውን ሁሉ የሚይዝ ልጅ፣ ከዚህ በር የት ይሂድ?

ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ። ያለፈው ክረምት ውጤት በወጣ በሳምንቱ ጎረቤቴ እትዬ የልጃቸውን ደብተር ይዘው ፎቶ ቤት መጡ። «እባክህ ልጄ፣ ይሄን ልጅ ምከርልኝ» አሉኝ። «ተማር ብዬ ስልከው ደብተሩን በሥዕል ጨረሰው።» ገለጥኩት። የባዮሎጂ ደብተር ነው። ኅዳጉ ላይ የባጃጅ ሹፌር መሪውን ደገፍ ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሌላ ገጽ ላይ አያቱ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ጋቢው ጉልበታቸው ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ልጁ አይቶታል፣ በቢክ እስክሪብቶ ነው የሠራው፣ መሰረዝ በማይቻልበት። ምን ብዬ ልምከረው? ሪሚዲያል፣ የማካካሻ ትምህርቱ፣ ይግባ ልበል? እትዬ የፈለጉት «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» እንድልላቸው ነበር። እኔ ደግሞ በካሜራ ነው ቤት የምመራው።

እናቶች ይፈራሉ፣ ተገቢ ነው። ፍርሃቱ አዲስም አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ሄደው ሥዕል መረጡ። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የዚያ ምርጫ ውጤት ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ዩኒቨርሲቲ የገቡት ለግብርና ነበር፣ ትተው ወጡ፣ ኋላ ጀርመን ኮሎኝ ሄደው ሥዕል ተማሩ። ሁለቱም ከተመደቡበት ወጥተው ነው የመጡት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ 70/30 የሚባለው ምደባ መጣ፤ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ሥነ ጥበብ ከዚያች ሠላሳ ውስጥ ጥግ ይዛ ነው የኖረችው። ቤተሰብም ይሄን አይቶ ነው «ዋናው» እና «ትርፉ» ብሎ ትምህርትን የከፈለው።

የሚገርመኝ ታች ያለው ነገር መስተካከል ጀምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክዋኔና እይታ ጥበባት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ለልጆች ይሰጣል። መጽሐፉ አለ፣ ክፍለ ጊዜው አለ። እኔ ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች ግን የሚያስተምረው ብዙ ጊዜ ሌላ ትምህርት ያጠና፣ ክፍለ ጊዜ ስለጎደለው የተሰጠው መምህር ነው። እሱ ምን ያድርግ? «አበባ ሳሉ» ይላል። ልጆቹ አምስት ቅጠል ያላትን፣ መሐሏ ክብ የሆነችውን አበባ ይሥላሉ፣ ሃምሳ ልጅ ሃምሳ አንድ ዓይነት አበባ። ግቢው ውስጥ እውነተኛ አበባ አለ፣ ማንም ወጥቶ አያየውም። የእህቴ ልጅ የላሟን እግር በአራት ቀጥ ያለ መስመር ሠርታ 10 ከ10 አምጥታለች። ኮሌጁ መጀመሪያ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ሠዓሊ ከማፍራት በፊት ለእነዚህ ልጆች «ውጡና እዩ» የሚል መምህር ያወጣልናል። ይሄ ሥራ ነው፣ ደመወዝ ያለው ሥራ፣ በየቀበሌው። እናቶቻችን ሲጠይቁን መጀመሪያ የምንሰጣቸው መልስም ይሄ ይመስለኛል።

«ዩቲዩብ አለ አይደል?» ይሉኛል ልጆቹ። አለ። እኔም ከእሱ ብዙ ተምሬያለሁ፣ የመዝጊያ ፍጥነት፣ አይኤስኦ፣ ሌንስ፣ ሁሉንም ያስረዳል። አንድ ነገር ግን አያደርግም፣ የእናንተን ሥራ አያይም። እናንተ ትሠራላችሁ፣ ያምራል ትላላችሁ፣ ጓደኛ ላይክ ያደርጋል፣ ስህተቱ ሦስት ዓመት አብሯችሁ ይኖራል። ኮሌጅ የሚባለው ነገር ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺን ማድረግ አለበት፦ ሥራህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ አሥራ አምስት ሰው ፊት ትቆማለህ፣ መምህሩ «ለምን እዚህ ጋ ቆረጥከው?» ይልሃል፣ መልስ መስጠት አለብህ። የመጀመሪያ ጊዜ ያማል። ሠዓሊው ጀበናዬን ሲያየው አሞኛል። በአገራችን ደግሞ ፊት ለፊት መተራረም ይከብደናል፣ ወይ እናሞግሳለን ወይ እናኮርፋለን። ሰውየውን ሳይነኩ ሥራውን መንካት የሚለመደው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለ ኤአይ ብዙ አልልም። «የሐበሻ ቡና ሥነ ሥርዓት» ብላችሁ አሠሩት፣ ብዙ ጊዜ ጀበናው የሻይ ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይመጣል፣ የቀሚሱ ጥለትም የየትም አገር ያልሆነ አበባ ይሆናል። እየተሻሻለ ይሄዳል፣ ይሂድ። ስህተቱን ለይቶ የሚያርመው ግን ጀበናውን አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው። ባነርና ፖስተር ቤቶች ውስጥ አሁን ያለው ሥራ እንደዚያ እየሆነ ነው፣ ምስሉ በደቂቃ ይወጣል፣ ማረሙ ግን ዓይን ይፈልጋል።

ሥራው የት አለ ለሚለው ሐዋሳን ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ሰርጉ፣ ምርቃቱ፣ ሪዞርቱ፣ ዲኮሩ፣ የታፔላውና የባነሩ ሥራ በየመንገዱ ነው። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት 52 ሼድ ያለው፣ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ላይ ያተኮረ ግዙፍ ፓርክ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴት ልጆች ሸሚዝ ሰፍተውበታል። የሸሚዙ ንድፍ፣ ቀለሙ፣ የኮሌታው ቅርጽ ግን ከባሕር ማዶ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። እኛ የምንሸጠው የእጃችንን ሰዓት ነው። በ2014 ዓ.ም. ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ጥሎ ሲወጣ፣ ቀጥሎም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሪቱ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገበያ ከምትገባበት ዕድል፣ ስትወጣ፣ ለብዙዎቹ ሠራተኞች በእጃቸው የቀረ የራሳቸው ንድፍ አልነበረም። ንድፍ የሚያወጣ ሰው ቢኖረን የሰሜኑ ጦርነትም ሆነ የአሜሪካ ውሳኔ ይቀር ነበር አልልም። ግን ልብስ የሚሰፋ ከተማ ልብስ የሚነድፍ ትምህርት ቤት አጠገቡ ሊኖረው ይገባል፣ ይሄ ለእኔ ግልጽ ነው።

ፍቼ ጨምባላላም አለ። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ። በዓሉ እዚሁ ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ ላይ ሲከበር ስልክ የማያነሳ ሰው የለም፣ በቀን ስንት ሺህ ፎቶ ይነሳል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የትኛው ሽማግሌ በየትኛው ዓመት፣ ምን ለብሰው፣ ምን ይዘው እንደነበር የሚያሳይ በሥርዓት የተቀመጠ ፎቶ ከማን ጋር እናገኛለን? ዶክመንተሪ ፎቶግራፍ የሚባለው ይሄ ነው፦ ስምና ቀን መጻፍ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ፋይል በትክክል ማስቀመጥ፣ ዓመት ዓመት ተመልሶ መሄድ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትጀምር አንዱ ጭንቀቷ አፍሪካን ራሳችን እናንሳት የሚል ነበር። ጉዱማሌን ማን ያንሳው የሚለው ጥያቄም ከዚያው ቤት ነው።

የባለቤትነት መብትንም መማር ያስፈልጋል። ያነሳሁትን የሐይቅ ፎቶ አንድ ሆቴል ሳይጠይቀኝ ባነር አድርጎ ሰቅሎት አየሁ። ሄጄ ስናገር «ከኢንተርኔት ነው ያወረድነው» አሉኝ፣ በቃ። ያኔ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍና የሥዕል ባለቤትነትን እንደሚጠብቅ አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ተመለስኩ። ተማሪ ይሄን በመጀመሪያ ዓመት ማወቅ አለበት፣ አንድ ገጽ ውል መጻፍም ጭምር።

ቀለም ቅብን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ሥዕል ሸጦ ብቻ መኖር ሐዋሳ ውስጥ ከባድ ነው። ሆቴሎቻችን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ብዙውን ጊዜ የታተመ የውጭ አገር ፏፏቴ ነው። ታቦር ተራራ ከበራቸው ላይ ቆሞ ሳለ። ይሄ የሚለወጠው ገዢውም ሥዕል ማየት ሲለምድ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ሠዓሊው ጎን ለጎን ያስተምራል፣ ዲዛይን ይሠራል፣ ፎቶ ያነሳል። ሦስቱን አብሮ የተማረ ሰው ይሄን ማድረግ ይችላል።

ወጪው ያስፈራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ቀለምም ካሜራም ከውጭ ነው የሚመጣው። ያገለገለ ካሜራ እንኳን ዛሬ የአንድ መምህር የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ግን መጀመሪያው ዓመት ካሜራ አይፈልግም፣ ይሄን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ። እርሳስና ወረቀት ነው። ከሰል ራሳችን እንሠራለን፦ ቀጫጭን ደረቅ እንጨት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ትደረድራላችሁ፣ ክዳኑን በትንሽ ምስማር ትበሱታላችሁ፣ ፍም ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ከቀዳዳዋ የሚወጣው ጭስ ሲያቆም አንሥታችሁ ሳትከፍቱ ታቀዘቅዙታላችሁ። የሚያምር መሳያ ከሰል ይወጣል። ሸራ በአቡጀዲ ይተካል፣ እንጨት ላይ ወጥራችሁ በውሃ የቀጠነ ኮላ ትቀቡታላችሁ፣ ሲደርቅ ነጭ ቀለም ትደርቡበታላችሁ። ስንት ታላላቅ ሠዓሊዎቻችን በአቡጀዲ ላይ ነው የሠሩት። ለፎቶውም ሃያ ተማሪ አራት ካሜራ ተካፍሎ ይማራል፣ አራት ሰዎች ቆመው አምስተኛው ሲያነሳ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ እስኪከፍትልን አንጠብቅ ነው የምለው። ቴክኒክና ሙያ ሲባል ብየዳ፣ ኤሌክትሪክና አውቶ መካኒክ ብቻ ወደ አእምሯችን ይመጣል። ንድፍም የእጅ ሙያ ነው። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ፣ በከተማው ውስጥ፣ የማታም ክፍል ያለው፣ መግቢያው ላይ የ12ኛ ክፍል ነጥብ ብቻ ሳይሆን የልጁ ደብተር የሚታይበት ትምህርት ይጀመር። አሥር ሥራ ይዘህ ና፣ ቁጭ ብለህም አንድ ሳልልን፣ ያኔ እናያለን የሚል። የመጀመሪያው ዓመት ንድፍ ብቻ ይሁን፣ ልጆቹ ቢያማርሩም። ሴቶች ልጆች ደግሞ እንዲመጡ ክፍሉ ክፍት መስኮት ያለው፣ መንገድ ዳር የሚታይ፣ ሴት መምህርትም ያለችበት ይሁን። «ስቱዲዮ» ሲባል ስንት አባት ልጁን እንደሚከለክል አውቃለሁ፣ ፎቶ ቤቴ ለመማር መጥተው በሁለተኛው ሳምንት የቀሩ ሴት ልጆች አሉ። ሁለቱ ከእኔ የተሻለ ዓይን ነበራቸው።

የእትዬ ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሪሚዲያሉንም እየተከታተለ ነው፣ እናቱን ላለማስከፋት፣ እኔም ቀጥል ብዬዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ካሜራ አላስነካሁትም። ጀበናውን ስድስት ጊዜ ስሏል። ያለፈው ቅዳሜ ስድስተኛውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ቆመ። ሆዱ ጥቁር ነው፣ ነጥቧ በቦታዋ አለች፣ የሲኒው አፍ ሞላላ ነው። ከታች፣ ጥቁሩ ሊያልቅ ሲል፣ በላጲስ በቀስታ አንሥቶ ያለሰለሳት ቀጭን መስመር አለች። እኔ አልነገርኩትም።

ካሜራውን ሰጠሁትና እናትህን ቡና ሲያፈሉ አንሣቸው አልኩት። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እማዬ የምታፈላው መስኮቱን ጀርባዋ አድርጋ ነው» አለኝ። «እሷን ላዙራት ወይስ እኔ ልዙር?»